የትኛው ሙቀት? የሙቀት መለኪያ አሐዶችና የአማርኛ አጠራራቸው

መግቢያ

በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ታላቅ እኅቴን ለመጠየቅ ከጎንደር ወደ ሳንጃ ወርጄ ነበር። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ጎንደርን ማለዳ በጋቢ ተጀቡኖ የለቀቀ መንገደኛ ትክል ድንጋይን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን አጣጥፎ ከጭኑ ላይ ያኖራል፤ ሳንጃ ሲደርስ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። የሚያዝያ ሙቀት በዚያ አገር ቀልድ አይደለም።

እኅቴ ቡና ስታፈላ ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ደብተሯን ይዛ ከአጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጎንደር 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ሳንጃ ደግሞ 40 ዲግሪ ቢሆን፣ የሳንጃ ሙቀት የጎንደር እጥፍ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «አዎን፣ እጥፍ ነው» አልኋት። ልጅቱ ገጹን ገለበጠችና አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ፤ «ውሃ በመፍላት ላይ ሳለ ሙቀት ይቀበላል፤ ሙቀቱ ግን አይጨምርም» ይላል። ቀጥላም «የሚቀበለው ነገር እንዴት አይጨምርም?» ስትል ጠየቀችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። «ስትገለብጪ ተሳስተሽ ይሆናል» ብዬ አለፍሁት።

ልጅቱ አልተሳሳተችም ነበር። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ከሳምንት በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ፣ የመጀመሪያውን መልሴን ይዛ «አጎቴ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ እጥፍ ነው ብለውኛል» እያለች ክፍል ውስጥ ስትከራከር ውላለች። ነገሩ ከነከነኝ። የፊዚክስ መምህራን ባልደረቦቼን ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። በመጨረሻ የተረዳሁት የስሕተቴ ግማሹ የሳይንስ፣ ግማሹ ግን የቋንቋ መሆኑን ነው። አማርኛችን «ሙቀት» በሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። እነዚህን ነገሮች የሚለዩልን የመለኪያ አሐዶቻቸው ናቸው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም አሐዶቹን ከነትርጓሜያቸው ማስረዳትና ከቋንቋው አንጻር የሚያስነሡትን ጥያቄ ለአንባቢያን ማቅረብ ነው።

እጥፍ የማይባል ቁጥር

በመጀመሪያ ዲግሪን እንመልከት። የሴልሺየስ መለኪያ መነሻው ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው፤ ይህ 0 ይባላል። በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ነጥብ 100 ተብሎ በመካከሉ ያለው እርቀት ለመቶ ይከፈላል። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ መለኪያውን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1742 ሲሆን፣ በመጀመሪያ አቀራረቡ የሚፈላበትን 0፣ በረዶ የሚሆንበትን 100 ብሎት ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1724 ፋራናይት ያወጣው መለኪያ ደግሞ በረዶውን 32፣ መፍላቱን 212 ይለዋል።

እንግዲህ የልጅቱን ጥያቄ በሁለቱም እንስፈረው። በሴልሺየስ ጎንደር 20 ሳንጃ 40 ናቸው፤ እጥፍ ይመስላል። በፋራናይት ሲለኩ ጎንደር 68፣ ሳንጃ 104 ይሆናሉ፤ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ማለት ነው። አየሩ ያው አየር ሳለ እጥፉ የተለዋወጠው ቁጥሩ የሚነሣበት ቦታ ስለተለያየ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛ 2010 ያልነውን ዓመት ፈረንጆች 2018 ብለውታል፤ መነሻችን ስለሚለያይ ነው። ደግሞም 2010 ዓ.ም. የ1005 ዓ.ም. እጥፍ ነው የሚል ሰው የለም። የዓመተ ምሕረት ቁጥር በዘመን መስመር ላይ ያለን ቦታ ያመለክታል እንጂ የዘመንን ብዛት አይቆጥርም። ዲግሪም እንዲሁ ነው።

ከእውነተኛው መጨረሻ፣ ማለትም ከዚያ በታች ሊቀዘቅዝ ከማይቻልበት ነጥብ የሚነሣ መለኪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ1848 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ ያሰበው ነው። ይህ ነጥብ በሴልሺየስ ከ0 በታች 273.15 ነው። በኬልቪን ጎንደር 293፣ ሳንጃ 313 ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ ሳንጃ ከጎንደር የምትበልጠው ከመቶ ሰባት እጅ በማይሞላ ነው። «አዎን፣ እጥፍ ነው» ያልሁት እንዲህ ሆኖ ቀረ።

የገላ መለኪያ

ይሁንና ሳንጃ የተቀመጠ ሰው «ከመቶ ሰባት እጅ ብቻ» ቢሉት አይቀበልም። ገላው የሚለካው ሌላ ነው። አማርኛም ለዚህ የገላ ልኬት ቃል አላነሰውም። ውሃ ለብ ይላል፣ ሞቅ ይላል፣ ይፈላል፣ ይፋጃል። አየር ወበቅ ይሆናል፣ ሐሩር ይሆናል። ምጣድና ብረት ይግላሉ። የታመመ ሰው ትኩሳት ይይዘዋል። «ንዳድ» የእሳትም የቆላ በሽታም ስም ነው።

በዚሁ በጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1770 እስከ 1771 የኖረው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ይህ ጉዳይ አስቸግሮት ነበር። ብሩስ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር ይዞ የሚዞር፣ የጎንደርንም ዝናብ መዝግቦ ያቆየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ስናር ቆላ ሲጽፍ፣ የቴርሞሜትር ዲግሪ የሰውነትን ስሜት በሚገባ እንደማይገልጥ ያስረዳል፤ በፋራናይት 90 የሚለው ቁጥር በአንዱ አገር የማይቻል ሐሩር፣ በስናር ግን ሞቅታ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የራሱን ደረጃ አወጣ፦ ሰው ተቀምጦ ሳለ የሚያልበው ከሆነ አንድ ደረጃ፣ ስስ ልብስ ለብሶም እጅግ ካላበው ሌላ ደረጃ፣ መንቀሳቀስ ሥቃይ ሆኖ ጉልበት ሲብረከረክ ከዚያ የባሰ ደረጃ እያለ ይቀጥላል። የብሩስ መደብ የእኛን የለብታ፣ የሙቀትና የሐሩር ቅደም ተከተል ይመስላል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ስሜትን እንጂ የሙቀትን ብዛት አይሰፍሩም።

ምጣድና እንጨት

ብሩስ በጎንደር በነበረበት ዘመን በአገሩ በስኮትላንድ ጆሴፍ ብላክ የተባለ የኬሚስትሪ መምህር አንድ ትልቅ ነገር እያስተማረ ነበር። ብላክ በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው በረዶ ሲቀልጥ ከእሳቱ ሙቀት ይቀበላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ቀልጦ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ውሃ ሲፈላም እንዲሁ ነው። የተቀበለው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ሥራ ላይ ስለሚውል በዲግሪ አይታይም፤ ስውር ነው። ከዚህ በመነሣት ብላክ «ምን ያህል ጋለ?» እና «ምን ያህል ሙቀት ገባው?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች እንጂ አንድ አለመሆናቸውን አስረዳ። የእኅቴ ልጅ ያነበበችው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር። በዚያ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው «ሙቀት» ወደ ውሃው የሚገባው ነው፤ ሁለተኛው «ሙቀት» ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ነው። ሁለት ነገር በአንድ ስም ስለተጠራ እውነቱ ውሸት መሰለ።

ልዩነቱን ለመረዳት ስኮትላንድ መሄድ አያስፈልግም፤ የእኅቴ ማድቤት ይበቃል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ትከታተላለች። አንደኛው የምጣዱ ግለት ነው፤ ምጣዱ ሳይግል ሊጡ ቢፈስበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከልክ በላይ ከጋለም ያርራል። ሁለተኛው የእንጨቱ ብዛት ነው፤ ሊጡ እስኪያልቅ ስንት እንጨት ሄደ? የመጀመሪያው የዲግሪ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የካሎሪና የጁል ጥያቄ ነው። ምርጥ ምጣድ የሚባለው ዙሪያውን የተከለለ ምድጃ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምጣዱ የሚያስፈልገው ግለት ያው ሳለ እሳቱ ወደ ጎን ስለማይባክን እንጨቱ ይቀንሳል። «እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለው ተረታችን ለገበታ ይሠራል፤ ለሙቀት ሂሳብ ግን አይሠራም። እሳት ምን ያህል እንዳየው መለየት ግድ ነው።

ካሎሪ

የሙቀትን ብዛት ለመስፈር ሊቃውንት በመጀመሪያ የተጠቀሙት ውሃን ነው። «ካሎሪ» የሚለው ስም ሙቀት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ ክሌማን እ.ኤ.አ. ከ1819 እስከ 1824 ባለው ጊዜ በፓሪስ ትምህርቱ ሲጠቀምበት ትርጓሜው «አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልግ ሙቀት» የሚል ነበር። በኋላ ሌሎች ኪሎውን በግራም ለውጠው «አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ» አሉት። ስለዚህ በአንድ ስም ሁለት ካሎሪ ተፈጠረ፤ ትልቁ የትንሹ ሺህ እጥፍ ነው። ዛሬ ትልቁ ኪሎ ካሎሪ ይባላል።

የስም መደራረብ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑ ከዚህ ይታያል፤ የእነርሱም አደጋ ቀላል አይደለም። በምግብ ማሸጊያ ላይና በሐኪሞች አነጋገር «ካሎሪ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ኪሎ ካሎሪው ነው። ለምሳሌ በዕርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በቀን የሚታቀደው ምግብ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህ ቁጥር «2,100 ካሎሪ» ተብሎ ሲተረጐምና ቃል በቃል ሲወሰድ ሁለት ሊትር ያህል ውሃን በአንድ ዲግሪ ከማሞቅ የማያልፍ፣ የአንድ ጉርሻ ሲሶ እንኳ የማይሆን ነገር ይሆናል። ትክክለኛው ግን 21 ሊትር ውሃን ከ0 እስከ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። «ኪሎ» የምትለው አንዲት ቃል የሰውን የዕለት ጉርስ ተሸክማለች። ተርጓሚ የሆነ ሁሉ ሊጠነቀቅላት ይገባል።

ካሎሪን ወደ ጀበና እንውሰደው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። 20 ዲግሪ የነበረን አንድ ሊትር ውሃ እዚያ ለማድረስ 73 ዲግሪ መጨመር ያሻል፤ ይህም 73 ኪሎ ካሎሪ ነው። ፈልቶ ሳለ ከእሳቱ ሳይወርድ ተረስቶ ሙሉ በሙሉ ቢተን ግን ሌላ 540 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወስዳል፤ ለማፍላት ከፈጀው ከሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቴርሞሜትሩ አንዲት ዲግሪ አይጨምርም። «ሙቀት ይቀበላል፤ ሙቀቱ ግን አይጨምርም» ማለት ይኸው ነው።

ጁል

ካሎሪ አንድ ጉድለት አለው፤ ውሃ በየዲግሪው የሚፈልገው ሙቀት በጥቂቱ ስለሚለያይ «ከየትኛው ዲግሪ እስከ የትኛው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ ከ14.5 እስከ 15.5 የሚል ውሱን ትርጓሜ ሊወጣለት ግድ ሆኗል። ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ከወፍጮ የወጣ ዱቄት እጅ እንደሚያሞቅ ሁላችንም እናውቃለን። እሳት አልነካውም፤ ያሞቀው የድንጋዩ ፍትጊያ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል (1818–1889 እ.ኤ.አ.) የቢራ ጠማቂ ልጅ ሲሆን፣ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ነገር በቁጥር ለመያዝ ተነሣ። ክብደት ያለው ነገር በገመድ አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ሲወርድ በውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያሽከረክር አደረገ። ውሃው በጥቂቱ ሞቀ። የወረደውን ክብደትና ከፍታ ከሞቀው ውሃ ጋር በማነጻጸር ሥራና ሙቀት አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጡ፣ ምንዛሪያቸውም የጸና መሆኑን አረጋገጠ። በዛሬው አቆጣጠር አንድ ካሎሪ 4.184 ጁል ነው።

በስሙ የተጠራው አሐድ፣ ጁል፣ የአንድ ኒውተን ጉልበት አንድን ነገር በአንድ ሜትር ሲገፋ የሚሠራው ሥራ ነው። አንድ መቶ ግራም ያህል ክብደት ያለው ሎሚ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ አንድ ጁል ገደማ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተሰበሰበው ዘጠነኛው የክብደትና የልክ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጁል የሙቀት ብዛት መለኪያም እንዲሆን ወሰነ፤ «ሴንቲግሬድ» የሚለውን ስም በ«ሴልሺየስ» የተካውም ያው ጉባኤ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሎሪ የሚተረጐመው በጁል ነው፤ ጁል በካሎሪ አይደለም።

አሁን የጀበናውን ውሃ በጁል እንቍጠረው። 73 ኪሎ ካሎሪ 305,000 ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት አንድ ኩንታል የሳንጃ ሰሊጥ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ቢያነሣ ያበቃለታል። አንድ ሊትር ውሃ ማፍላት ይህን ያህል ጉልበት ነው። አየር ላይ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 15 ሚሊዮን ጁል ገደማ ስላለው፣ ምንም ባይባክን 20 ግራም እንጨት ለዚህ ይበቃ ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ወደ ውሃው የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ስለሆነ 200 ግራም ገደማ ይጠፋል። የቀረው ማድቤቱን፣ ግድግዳውንና የእናቶቻችንን ዓይን ሲያሞቅ ይውላል። ይህን የምታውቀው ሸክሙን ከጫካ ያመጣችው ሴት ናት፤ ሳይንስ የጨመረላት ቁጥሩን ነው።

ሌሎቹ አሐዶች

በከተማ ቤቶች ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዋት ጁልን በሰኮንድ የሚያካፍል የፍጥነት መለኪያ ሲሆን፣ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ አንድ ሺህ ዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚሰጠው ብዛት ነው፤ 3.6 ሚሊዮን ጁል ወይም 860 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ከላይ በተጠቀሰው ልክ አሥራ ሁለት ሊትር ገደማ ውሃ ያፈላል። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲበራ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስቈጥራል። ሰውም ቢሆን በዚሁ ይለካል፤ በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ የሚመገብ ሰው በአማካይ እንደ አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ሙቀት ይሰጣል።

በአየር ማቀዝቀዣ ላይ የሚታየው ቢቲዩ የእንግሊዞች አሐድ ነው። አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት የሚያሞቅ ሙቀት ሲሆን 1,055 ጁል ያህላል። ቢቲዩ የካሎሪ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ ሚዛኑና ዲግሪው ብቻ ተለዋውጠዋል።

የቋንቋው ጉዳይ

ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። የአየር ጠባይ ዘገባ የሚያቀርብ ጋዜጠኛ «የሙቀት መጠኑ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ይላል። ይህ አነጋገር ጸንቷል። ይሁን እንጂ «መጠን» በተራው አማርኛ ብዛትን፣ ልክን ያመለክታል፤ ስለዚህ «የሙቀት መጠን» ጥሬ ትርጕሙ «ምን ያህል ሙቀት» ነው። ይህ ደግሞ የካሎሪና የጁል ግዛት ነው። በሌላ አነጋገር ዲግሪ የሚለካውን ነገር ካሎሪ በሚለካው ነገር ስም ጠርተነዋል። ልጅ «20 ዲግሪ የሙቀት መጠን» ሲባል ከሰማ «40 ዲግሪ እጥፍ መጠን ነው» ብሎ ቢደመድም በአማርኛው ሕግ ትክክል ነው። እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ይመስለኛል።

ምን ይደረግ? ዲግሪ የሚለካውን «የሙቀት ደረጃ»፣ ጁል የሚለካውን «የሙቀት ጉልበት» ብንል ልዩነቱ ይጠራል። «ዲግሪ» ራሱ ከሥሩ «እርከን፣ ደረጃ» ማለት ስለሆነ ስያሜው አይርቅም። በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አልክድም። «ጉልበት» ለሌላ የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳብም ያገለግላል፤ ከላይ «የአንድ ኒውተን ጉልበት» ስል እኔው ራሴ በዚያ ፍች ተጠቅሜበታለሁ። «ኃይል» እንዳይባል «መብራት ኃይል» በሚለው አነጋገር ኃይል ሁሉን ጠቅልሎ ይዟል። ሕዝብ የለመደውንም «የሙቀት መጠን» በአንድ ጽሑፍ ማስለወጥ አይቻልም።

ስለዚህ የምመርጠው ቀላሉን መንገድ ነው። ስሙ እስኪጠራ ድረስ አሐዱ ስሙን ይለይ። ቋንቋ ሞክሼ ቃላትን በዐውድ እንደሚለይ፣ «ሙቀት» የሚለውም ቃል ባለበት ሁሉ አሐዱ አብሮት ይሁን። የልጅቱ ዓረፍተ ነገር «ውሃ በመፍላት ላይ ሳለ በጁል የሚለካ ሙቀት ይቀበላል፤ በዲግሪ የሚለካው ሙቀቱ ግን አይጨምርም» ተብሎ ቢጻፍ የሚያደናግር ነገር አይኖረውም። ጥቂት ይረዝማል፤ አይዋሽም።

መደምደሚያ

ጉዳዩን ከተረዳሁ በኋላ ወደ ሳንጃ ደውዬ ለልጅቱ መልሴን አረምሁላት። የምጣዱንና የእንጨቱን ምሳሌ ስነግራት ወዲያው ገባት። ከዚያም «ታዲያ ሁለቱንም ለምን ሙቀት ይሏቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ የፊዚክስ መምህራን ብቻ የሚመልሱት አይደለም፤ የእኛም ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሳይንስን በአማርኛ የሚማር ልጅ ከሚያውቀው ምጣድና እንጨት ተነሥቶ ወደ ዲግሪና ወደ ጁል እንዲሻገር ድልድዩ ቃል ነው። ድልድዩ ሲናጋ ልጁ ራሱን ሰነፍ አድርጎ ይቈጥራል፤ ወይም እንደ እኔ ያለ ዐዋቂ «ስትገለብጪ ተሳስተሽ ይሆናል» ይለዋል። የሁለቱ የትምህርት ክፍሎች መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን እንዲህ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ብንፈትሽ እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማቃለል እንችላለን። የስሕተቱ ባለቤት እኔ ስለሆንሁ፣ ወንበሩን ለማዘጋጀትም ቀዳሚው እኔ ነኝ።